ላኪያቸው ያልታወቀ ሠላሳ ሁለት ድምፆች

አንድ ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያበቃ፣ ኑሮው ምን ያህል ሆነ ይባላል? ሊቃውንቱ ብዙ ብለውበታል፤ ሚዛኑ ከመቃብር ማዶ ነው ያሉ አሉ፣ ሚዛኑ የሰው አፍ ነው ያሉም አሉ። ሃምሳ አለቃ ፀጋው ግን አጭር መልስ ነበረው፦ ስልሳ ደቂቃ። ሠላሳው በካሴቱ አንደኛ ገጽ፣ ሠላሳው በሁለተኛው። ከዚያ የሚተርፈው ድግግሞሽ ነው ይል ነበር። ሰው ጦርነት ያየም ቢሆን፣ ሦስት መንግሥት የሸኘም ቢሆን፣ ቁጭ ብሎ እውነቱን ብቻ ካወራ ስልሳ ደቂቃ አይሞላውም። ካሴቱ ሳያልቅ ወሬያቸው የሚያልቅባቸው ሰዎች ነበሩ። ያኔ ፀጋው ማሽኑን አያጠፋም። የቀረውን ዝምታ እስከ ክሩ ጫፍ ድረስ ይቀዳዋል፤ «እሱም የሰውየው ነው» ይላል።

አርባ አንድ ካሴት አለው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሠፈር፣ ከባለሱቁ ከሙሰዲቅ ጓሮ በተከራያት የቆርቆሮ ክፍል፣ በሁለት ትልልቅ የብስኩት ጣሳ ተደርድረው ይኖራሉ። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት እንኳን የካሴት ክር፣ የበር ማጠፊያም ይበላል፤ ስለዚህ በየጣሳው ሥር ሁለት ጣት የሚሆን ሩዝ ይነሰነሳል፣ እርጥበቱን እንዲጠጣ። ሩዙን በየወሩ ይቀይረዋል። አሮጌውን ለመንገድ ፍየሎች ሲደፋ የሠፈሩ ሴቶች ያዩትና ያ ሐበሻ ሽማግሌ ፍየል ይቀልባል ይላሉ። አስተባብሎ አያውቅም። ፍየል የሚቀልብ ሽማግሌ ድምፅ ከሚቀልብ ሽማግሌ ይልቅ ለጎረቤት ይቀላል።

ፀጋው የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነው። ውትድርና የገባው በሃያ ሁለት ዓመቱ ሲሆን ዕጣው መገናኛ ክፍል ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ከጅጅጋ እስከ ድሬዳዋ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንደደፋ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረ። ጠመንጃ ቢይዝም የተኮሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሥራው መስማት ነበር። የመገናኛ ሰው ሁለት ነገር ከእናቱ ስም እኩል ያውቃል። አንደኛው፣ የመጥሪያ ስሞች የተጻፉበት ወረቀት አደጋ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ይቃጠላል። ሁለተኛው፣ ላኪው ያልታወቀ መልእክት አይተላለፍም። በሰማንያ ሦስት ግንቦት ሠራዊቱ ሲበተን፣ እንደ ብዙዎቹ ሐዲዱን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲሻገር፣ ይዞት የወጣው ንብረት እነዚህ ሁለት ደንቦች ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም። አንደኛው ደንብ ኋላ ጎዳው። ሁለተኛውም አልማረውም።

በአዲሱ አገር፣ ሐራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሠፈር በሚገኝ አንድ ቪላ በር ጠባቂ ሆነ። የጥበቃው ጎጆ ከጄኔሬተሩ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀች ነበረች። ባለቤቶቹ ፈረንሳዮች ሲመጡ ሲሄዱ እሱ ግን ከበሩ ጋር አብሮ ይተላለፍ ነበር። ከነሱ አንዷ ማዳም አገሯ ስትመለስ አንድ የካሴት መቅጃና አንድ ካርቶን ባዶ ካሴት ተወችለት። ምን ላድርገው ብሎ ሦስት ወር አልጋው ሥር አስቀመጠው።

ምን እንደሚያደርግበት የነገረው ሰው የለም፤ ቀብር ነው ያሳየው። ከሐዲዱ ላይ አብሮት የመጣ፣ ሁሉም «ታንኬ» እያለ የሚጠራው አንድ ወታደር ሞተ። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። የአባቱንስ ስም? ዝም። አሥራ ሁለት ሰው አብሮት በልቷል፣ አብሮት ታሟል፣ ስሙን የሚያውቅ ግን አንድ አልነበረም። ቄሱ ለጊዜው በሚሆን ስም ጠርተው ፈቱት። ፀጋው ያን ቀን ወደ ሐራሙስ ሲመለስ በባሕሩ ዳር በእግሩ ሄደ፤ ሲደርስ ላብ አጥምቆት ነበር። መቅጃውን ከአልጋው ሥር አወጣው።

ሰዎቹ ግን መናገር ፈሩ። ግማሾቹ ወረቀት የላቸውም፣ ግማሾቹ አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ አላቸው፤ የድሮ ወታደር መሆን በየትም የሚያስመሰግን አልነበረም። ድምፃችንን ውሰድ፣ ስማችን ግን አይነሳ አሉት። ፀጋው የሚያውቀውን አደረገ። ለእያንዳንዱ ሰው የዛፍ ስም ሰጠው። ካሴቱ ላይ ግራር፣ ወይራ፣ ዋርካ ብሎ ጻፈ፤ ትክክለኛ ስሙን ከነአባቱና ከነክርስትና ስሙ፣ ሙስሊም ከሆነም ከነአያቱ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ለብቻው አኖረ። ዛፉንም በየወሩ ለሌላ ሰው ይሰጠው ነበር፣ የመገናኛ ደንብ የመጥሪያ ስም በየጊዜው ይቀየር ይላልና። በዚህ የተነሳ ጣሳው ውስጥ ሦስት ወይራና አራት ግራር አለ። ለእያንዳንዳቸውም ቃል ገባ፦ ማን እንደሆንክ ሳላውቅ ድምፅህን ለማንም አላስተላልፍም።

የሚቀዳበት ሰዓት ግን የጅቡቲ ደንብ ነው። በዚህ ከተማ ጫቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ጋደም ይላል፣ ወሬው ይሞቃል። መጀመሪያ ላይ በዚያ ሰዓት መቅዳት ሞክሮ ነበር። ጨዋታው ማር ነው። ችግሩ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተራ ወታደር የሚባል ሰው አይገኝም። ወጥ ቤት የነበረው ሻለቃ ይመራል፣ ስንቅ ይጠብቅ የነበረው ታንክ ይማርካል፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ድልድይ ለየብቻቸው አፍርሰውት ያውቃሉ። ስለዚህ ጧት አደረገው። ጧት ሐራራ አለ። ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፣ ቃል ይቆጥባል፣ ምን ፈልገህ መጣህ ይላል። ነገር ግን ሐራራ ላይ ያለ ሰው ለመዋሸት ጉልበት የለውም።

ስንት ገደልክ፣ ማን አሸነፈ ብሎ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነበር፦ ያን ቀን ውሃ ያጠጣህ ማነው? በቆላ ጦርነት ያለፈ ሰው፣ የተኮሰም ይሁን የሸሸ፣ ይሄን አይረሳም። አንዱ ከተገለበጠ መኪና ራዲያተር ጠጥቷል። አንዷ ምጥ ላይ ሆና የጠላት ወታደር ኮዳውን አቀብሏታል። ገብረማርያም የሚባል የባቡር ሾፌር ደግሞ ሁለት ቀን በቆመ ባቡር ውስጥ ለተሳፋሪው ውሃ በጠርሙስ ክዳን ሲያድል ለራሱ ረስቶ ተዝለፍልፎ ወድቋል። የሁሉም ታሪክ በውሃ ይጀምራል። ፀጋውም ውሃውን ከሰማ ሰውየውን ያውቀዋል።

ስድስት ዓመት እንዲህ ቀዳ። ከዚያ አንድ ዓመት በሐምሌ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ሊታፈስ ነው የሚል ወሬ በካርቲየው ነፈሰ። ከአርባ አንዱ ስም መኖሪያ ፈቃድ የነበራቸው ከአሥር አይበልጡም። የሠለጠነ እጁ ከሐሳቡ ቀደመ። ክብሪት ጫረ፤ ዝርዝሩ ብረት ድስት ውስጥ ተቃጠለ፤ አመዱን በእግሩ አሸው። አፈሳው በዚያ መንገድ ሳያልፍ ቀረ። ፀጋው አላዘነም። ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ አለ። እውነቱን ነበር። ያኔ አንዱን ካሴት ከመካከሉ ቢያስነሱለት ገና በሳሉ ማንነቱን ይናገር ነበር። ሰው የሚተማመነው ሁልጊዜ ገና ባልከዳው ነገር ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የፀጋው ጆሮ ባዳነቱን ያሳወቀው ሐራሙስ በር ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከጄኔሬተር ጋር ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን የጌታው መኪና በሩ ላይ ክላክስ እየነፋች እሱ ጀርባውን ሰጥቶ አበባ ውሃ ያጠጣ ነበር። ሌላ ቀን ደገመው። በሦስተኛው ቀን በትሕትና አሰናበቱት። ለሰው ሁሉ ጉልበቴን አሞኝ ተውኩት አለ። የጆሮ ማሽንም ተሰጥቶት ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን ትቶ ጩኸቱን ያጎላለት ጀመር፣ የማራገቢያው የቫንቲላተሩ ሽውታ ሳይቀር ራሱን ሊያፈርሰው ደረሰ። አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በግራ ጆሮው ቀርበው ጮክ ብለው ከተናገሩት፣ ከንፈርም እያየ፣ ይግባባል። ካሴት ግን ከንፈር የለውም።

ፅዮናዊት የመጣችው ባለፈው ጥር ነው። ሠላሳ አምስት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ፈገግታዋ ቶሎ የሚመጣ ተመራማሪ ናት። ሥራዋ በባቡሩ መስመር ያለፈውን የጦርነት ዘመን ሰዎች ምስክርነት መሰብሰብ ነው፤ ወታደሩን፣ ስደተኛውን፣ ነጋዴዋን፣ ትውልዱ ሳያልፍ። ለአሥር ቀን ነበር የመጣችው። ትውልዱ ግን ጅቡቲ ላይ አብዛኛው አልፎ ጠበቃት፤ ከፀጋው አርባ አንድ ሰዎች በሕይወት ያለ አንድም አልቀረም። ሙሰዲቅ ባለሱቁ ነው ይዟት የመጣው። «ሙታኑን ሁሉ ይሄ ሰውዬ ጣሳ ውስጥ ከቷቸዋል» ብሏት ነበር።

ጣሳዎቹን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ቅጽ አወጣች። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ዘመን። ስም የሌለው ድምፅ የምትሠራለት መዝገብ ቤት እንደማይቀበላት ይቅርታ በሚመስል አነጋገር ነገረችው። ፀጋው ራሱን ነቀነቀ፤ ደንቡ ትክክል ነው፣ የኔም ደንብ ነው አለ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉንም እሰይምልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት።

ሲሄዱ በሩን ዘጋና የመጀመሪያውን ካሴት አስገባ። ክሩ ይዞራል። ማዳመጫውን ወደ ግራ አደረገ፣ ወደ ቀኝ አደረገ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተ። የሚሰማው በሩቅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ነገር ነው። ማዳመጫውን ነቅሎ የጣቱን ጫፍ የመቅጃው ድምፅ ማውጫ ላይ አሳረፈ። ይንቀጠቀጣል። ሰው እየተናገረ ነው። ሲፈጥን ያውቃል፣ ሲያዘግም ያውቃል፣ ዝም ሲልም ያውቃል። ማን እንደሆነ ግን ጣት አይናገርም።

በዚያ ሳምንት አርባ አንዱንም ስም በአንድ ደብተር ላይ ጻፈ። አንድ አልጠፋበትም። ከነአባታቸው፣ ከነሠፈራቸው፣ የሞቱበትን ዓመት ጭምር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ስሞቹ ደብተሩ ላይ ውለዋል። ድምፆቹ ደግሞ ጣሳው ውስጥ አሉ። በሁለቱ መካከል ያለችው የአንድ ክንድ ርቀት ናት፣ ያቺን የሚያሻግር አንድ ጆሮ ብቻ ነበር የጎደለው። ፀጋው ግን ይሄን ለልጅቱ አልነገራትም። ስትመጣ ነገ ይላታል። ካሴቱ ቆሽሿል፣ ላጽዳው ይላታል። ባትሪ አለቀ ይላታል፣ ሙሰዲቅ ሱቅ ባትሪ በደርዘን ተሰቅሎ እያየችው። መስማት ሥራው ብቻ አልነበረም፤ ከሰው ሁሉ የሚለየው በእሱ ነበር። መስማት የተሳነው የመገናኛ ሰው ምን ይባላል?

በስምንተኛው ቀን ጧት መጥታ እንቢ ቢላት እንኳ እንደምትቀመጥ ነገረችው። ራሷ አንድ ካሴት መርጣ አስገባች። ፀጋው ፊቷን እያየ ተቀመጠ። ካሴቱ ላይ የደበዘዘ «ወይራ» ተጽፏል። ወይራ አንድ ወቅት ገብረማርያም እንደነበር ትዝ አለው። ትንሽ እንዳዳመጠ ሰው ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ገለጠው።

«ይሄ ገብረማርያም ነው። የባቡር ሾፌሩ።»

ፅዮናዊት ካሴቱን አቆመች። ወንበሯን አንስታ በግራው በኩል አደረገችና ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«አባቴ፣ የምታወራው ሴት ናት።»

ፀጋው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ውጭ ቁራዎች ቆርቆሮው ላይ ይራመዱ ነበር፤ እሱ እንኳን በእግራቸው ንዝረት ያውቃቸዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችው። ለሙሰዲቅም፣ ለማንም ተናግሮት እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ ግን፣ «ምን ትላለች?» አላት።

ልጅቱ መልሳ አስነሳችው። የምትሰማውን እየቆራረጠች ጆሮው ሥር ደገመችለት። ውሃውን በሽንኩርት ጆንያ መካከል ደብቄ ነበር ከባቡር የማወርደው ትላለች። በሐዲዱ ላይ ባለችው ከተማ፣ አሊ ሳቢየ ላይ ነው። ወታደሮቹ ሐዲዱን ይዘው ሲመጡ ፊታቸው ጨው የነሰነሱበት ይመስል ነበር ትላለች።

«ናዒማ ናት» አለ ፀጋው። «የሙሰዲቅ እናት። አሁን ደግሞ፣ አንዱ ወታደር ጣሳውን ሲመልስልኝ ቀጥ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ፣ እኔ የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ አልኩት፣ ትላለች።»

ፅዮናዊት ማዳመጫውን ይዛ ጠበቀች። ትንሽ ቆይታ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። «አዎ፣ ብላለች» አለችው።

የቀራቸው ሁለት ጧት ነበር። በሁለት ጧት ናዒማን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ሰየሙ። እሷ ውሃውን ትነግረዋለች፣ እሱ ስሙን ይነግራታል። ፀጋው ከሐራሙስ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ደስታ አላየም ነበር፤ በሰባት ሰዓት የጫቱ ግርግር ሲጀምር ሁለቱም ምሳ አልበሉም። በሳምንቱ ውስጥ ነገ ነገ እያለ ያቃጠላቸውን ሰባት ጧቶች ግን አሰበ። በሰባት ጧት ሠላሳ ሁለቱ ያልቁ ነበር። ይሄን ማንም አላደረገበትም፤ ራሱ ነው።

ከመሄዷ በፊት የተሰየሙትን ዘጠኙን ገልብጣ ያዘች፤ የቀሩትንም ይስጡኝና ልውሰዳቸው፣ ከዚያ እየጻፍኩ እጠይቅዎታለሁ ብላ ለመነችው። እንቢ አለ። ላኪው ያልታወቀ መልእክት አላስተላልፍም፣ ቃሌ ነው አላት።

«ሰዎቹ እኮ ሞተዋል፣ አባቴ። ማንን ነው የሚፈሩላቸው?»

«እነሱ ሞቱ እንጂ እኔ አልሞትኩም። ቃሉ ያለው እኔ ጋ ነው።»

«ሩዙስ እስከ መቼ ያድናቸዋል?»

ሰው ከላክሽልኝ በአንድ ወር ይጨረሳል አለ። እልካለሁ አለች፣ ከልቧም ነበር። ሁለት ጊዜ በሙሰዲቅ ስልክ መልእክት መጣ፤ በጀቱ እየታየ ነው የሚል፣ ከዚያም ሥራው ወደ ሌላ አካባቢ ዞሯል፣ እኔ ግን አልረሳሁም የሚል። ሦስተኛ መልእክት አልመጣም። ፀጋው አልተቀየማትም። አለመርሳት ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ለእሱ ከውትድርና ይልቅ ከባድ ነበር፤ ጆሮዬ አይሰማም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተናገረ፣ ማዕከላዊ ገበያ ለሚያውቃቸው ነጋዴዎች ተናገረ። አማርኛ የሚሰማ ሰው፣ ጧት ለአንድ ሰዓት ስጡኝ አለ። ሰው ሁሉ አዘነለት። ወጣቶቹ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ነው የሚቀናቸው፤ አማርኛው ቤት ውስጥ ለእናት የሚመለስ ሁለት ቃል ሆኗል። ያወቁት ደግሞ ጧት ሥራ አላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ጫት አላቸው።

ዓለምነሽ መጣች። ሐራሙስ ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ድሮ በሩ ላይ ሻይ ታመጣለት የነበረች ሴት ናት። የዕረፍት ቀኗን ሰጠችው። ማዳመጫውን አድርጋ ግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ቃል ሳትነግረው ተቀመጠች። ምን ይላል ሲላት እጇን አንስታ ዝም ታሰኘዋለች። ለካ በጅጅጋው ጦርነት የጠፋ ወንድም ነበራት። ስሙ ይነሳ እንደሆነ ነበር የምታዳምጠው፤ ውሃውን አልሰማችም፣ ሰውየውን አልሰማችም። ሦስት ካሴት እንዲህ አስነስታ ማዳመጫውን አወለቀችና በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። አልቻልኩም ጋሼ፣ ሁሉም እሱን ይመስሉኛል አለችው። ድጋሚ አልመጣችም።

ሙሚን ደግሞ ሳይጠራ መጣ። የወደብ ጡረተኛ፣ ሶማሌ ጎረቤቱ ነው፤ አማርኛው ሽንኩርት ለመግዛት ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። በዚያ ጦርነት ከማዶ የተሰለፈ የወንድሙ ልጅ እንዳለው ፀጋው ያውቃል፤ ሁለቱም አያነሱትም። ማዳመጫውን ደፍቶ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ በቁም ነገር አዳመጠ።

«ይሄ ሰውዬ ተቆጥቷል» ይለዋል ጮኾ። ቆይቶ፣ «አሁን ሳቀ።» ቆይቶ፣ «አሁን ዝም።»

«ውሃ ይላል?» ብሎ ጠየቀው ፀጋው።

«ውሃ ሁሉም ይላል፣ ዋርያ። እናንተ ሐበሾች ስትዋጉ ነው ስትጠሙ የከረማችሁት?»

ሳቁ፤ ሁለት ሽማግሌ። ሙሚን ብዙ ጧት ተመላልሷል። ለፀጋው በሙሚን በኩል ሠላሳ ሁለቱ ሰዎች ሲቆጡ፣ ሲስቁ፣ ሲያለቅሱ ዋሉ። ማን እንደተቆጣ፣ ማን እንደሳቀ ግን አልታወቀም። አንዳንዴ ከዚህ የተሻለ የሰው ልጅ ታሪክ አይጻፍ ይሆናል ብሎ ያስባል፦ አንዱ ተቆጣ፣ አንዱ ሳቀ፣ ዝም አሉ። ከዚያ ታንኬን ያስታውስና ሐሳቡን ይተወዋል። ለጠቅላላው ሰው የሚያለቅስ አይጠፋም። ስሙ ተጠርቶ የሚለቀስለት ነው የሚጠፋው።

የቀረው ሙሰዲቅ ነበር። ከድሬዳዋ የመጣ የነጋዴ ልጅ፣ አማርኛው እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ጧት ሙሉ ባንኮኒው ጋ የሚቀመጥ ሰው። ካሴቱን ከሱቁ ሆኖ እንኳ ማዳመጥ ይችል ነበር። ፀጋው መጀመሪያ የጠየቀውም እሱን ነው። ሙሰዲቅ ግን ነገሩ በተነሳ ቁጥር ዕቃ መደርደር ይጀምራል። አንድ ቀን ሲጨንቀው እውነቱን ተናገረ። የእናቱን ቅጽ ለፅዮናዊት ፈርሟል፣ ድምፇን ግን አልሰማም፤ አይሰማምም። «አቦ ጋሽ ፀጋው፣ ለሰባት ዓመት ዱዓ አድርጌላት ነው የተኛችልኝ። አሁን ከጣሳ ውስጥ አውጥተህ ሽንኩርት አታሸጥብኝ።»

ፀጋው በዚህ ሊከራከር አልቻለም። ሰው ሙታኑን የሚያኖርበት ቦታ የራሱ ነው፤ አንዱ ጣሳ ውስጥ ያኖራል፣ አንዱ ዝምታ ውስጥ። ቢሆንም ክረምቱ ገባ፣ በጅቡቲ ክረምት የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ተነሳ፣ ሁለት ካሴት ክራቸው ተጣብቆ አልዞር አለ። ሙሚንም ሴት ልጁ ዘንድ ወደ አሊ ሳቢየ ሄደ። የፀጋው የግራ ጆሮም ከመጋቢት ወዲህ እየደከመ ነው። አሁን ሙሰዲቅ ሦስት ጊዜ ካልደገመለት «እንዴት አደርክ» እንኳ አይገባውም። ቸኮለ። ደብተሩን ይዞ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሱቁ ገና ሲከፈት ባንኮኒው ፊት ቆመ።

ሙሰዲቅ ያን ጧት ኢንሻአላህ ነበር ያለው። እንቢ አላለም። እንቢ የሚባለው ለማያውቁት ሰው ነው፤ ለሚወዱት ሰው ኢንሻአላህ ይባላል፣ ቀኑም ያልፋል። እስካሁን አልተቀመጠም፤ ሌላም ሰው አልመጣም። ፀጋው የጠየቀው ይሄን ያህል ነበር፦

«ሙሰዲቅ ልጄ፣ የናትህን ካሴት ለብቻ አድርጌዋለሁ፣ አትሰማትም። የቀሩት የሌላ ሰው እናትና አባት ናቸው። ጧት ጧት፣ ጫቱ ሳይገባ፣ አንድ ሰዓት ብቻ አጠገቤ ተቀመጥና ውሃ ማን እንዳጠጣቸው ንገረኝ።»